ጌጁ ለታላቁ፣ ሚዛኑ ለታናሹ

አባታችን ሲሞት ወንድሞቼ ጋራዡን አልተካፈሉም፤ ዕቃውን ነው የተካፈሉት። በሩ አንድ ስለሆነ ቤቱ አልከፈል አለ። ስለዚህ ወለሉ ላይ በነጭ ቀለም መስመር አሰመሩ፤ መፍቻዎቹን፣ ክሪኮቹን፣ የኤሲ መሥሪያዎቹን ሳይቀር ለሁለት ገመሱ። የኤሲውን ማቀዝቀዣ ጋዝ ግፊት የሚለካው ጌጅ ለታላቁ ደረሰ። ጋዙን ከመኪናው መልሶ የሚመጠው ማሽንና ሚዛኑ ለታናሹ። አንዱ ያለሌላው ሙሉ ሥራ እንደማይሠራ ያኔም አላጡትም። ለዚያ ሲሉ እንደዚያ የተካፈሉ ይመስለኛል።

ታላቁን ጋሼ እንለዋለን። ታናሹን፣ ልጅ ሆኖ ብሎን ስለዋጠ፣ ሰፈሩ በሙሉ ብሎን ይለዋል። እኔ የሁለቱም ታናሽ ነኝ።

ያን ቀን የመጣሁት እማዬን ልወስዳት ነው። የልብ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ገና ማገገሟ ነበር፤ ሐኪሙ ሙቀት እንዳያገኛት አጥብቆ ነግሮኛል። እኔ ቤት ለመድረስ ደግሞ ዛፍ የሌለበትን ሜዳ በፀሐይ ማቋረጥ ግድ ነው። የአባታችን መኪና ካላቀዘቀዘ እማዬ እዚሁ ትቀራለች፤ ከጋራዡ ጀርባ ባሉት በሁለቱ ልጆቿ መኝታ ቤቶች መሀል ተቀምጣ፣ አንዱ በቀኝ ጆሮዋ፣ ሌላው በግራ ጆሮዋ ነገር ሲያፈስባት ትውላለች። ከዚያ ላወጣት ነበር የፈለግሁት።

መኪናው መስመሩ ላይ ቆሟል፤ ሁለት ጎማው በዚያ፣ ሁለት ጎማው በዚህ። ሞተሩ ተነሥቷል፣ ኤሲው በርቷል። መዳፌን አየር መውጫው ላይ አደረግሁ። የሚነፍሰው የሰው ትንፋሽ ይመስላል።

እማዬ በሩ ጥላ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ናት።

«እማዬ» አለ ጋሼ፣ የመኪናው ኮፈን ሥር እንዳጎነበሰ፣ «ለልጅሽ ንገሪው፣ ብርሃኔን አይጋርደኝ።»

«እማዬ፣ በይው» አለ ብሎን ከመስመሩ ማዶ፣ «የቆምኩት በራሴ በኩል ነው። ፀሐይዋን አልተካፈልንም።»

«እኔ የስልክ ሽቦ ነኝ?» አለች እማዬ።



ጋሼ የጌጁን ቱቦዎች አገናኘ። ቀዩ መለኪያ ላይ ያለችው መርፌ ሽቅብ ሮጠች። ጠቅ አለና ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰር ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ ተነሣ፤ መርፌዋ እንደገና ሮጠች፤ ጠቅ። ጋሼ ዝም አለ። ሲናደድ ያወራል፤ ዝም የሚለው አንድ ነገር ሲገባው ነው።

«ፋኑ ይዞራል» አለ ለራሱ። ከዚያ የእጅ ባትሪውን ከፊት ወዳለው የጋዙ ማቀዝቀዣ፣ ወደ ኮንደንሰሩ አበራ። «ይሄም ንጹሕ ነው።»

«ትናንት ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ በይው። ጭቃ ተጋግሮበት አየር አላሳልፍ ብሎ ነበር። እሱ ጌጅ አንጠልጥሎ ይዞራል እንጂ አፍንጫው ሥር ያለውን አያይም።»

ጋሼ ቀና አለ። ወደ እማዬ አልዞረም። አባታችንን ከቀበርን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሙን ፊት ለፊት ተናገረው።

«ጋዝ ሞልተሃል?»

ብሎን መልሱን ለእማዬ ሰጠ። «ማክሰኞ ማታ ሞልቻለሁ፣ በይው። በሚዛን መዝኜ። እንደ እሱ በግምት አይደለም።»

«ውስጡ ስንት እንዳለ ሳታውቅ ምኑን መዘንከው?»

«በምን ልወቅ? ጌጁ ያንተ አይደል?» እሱም ቀጥታ መናገሩን ልብ አላለም።

«አፍ የለህም? አትጠይቅም?»

«አንተስ? አንተ አልሞላህም?»

ጋሼ ጓንቱን አንድ በአንድ አወለቀ። «ዛሬ ጠዋት» አለ። «ገና በብርዱ። መርፌዋ ዝቅ ብላ አየኋት።»

«ብርዱ ነዋ ዝቅ ያደረጋት። እሰይ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።»

ነገሩ ይኸው ነበር። ኤሲው መጀመሪያ የታመመው በጭቃው ነው፤ ጋዙ አልጎደለም። ሁለቱም ግን ጎድሏል ብለው፣ እማዬ «ልጄ አቀዝቅዞ ላከኝ» የምትለው ስለ ራሱ ብቻ እንዲሆን፣ አንዱ ከሌላው ተደብቆ ጨመረ። የበዛው ጋዝ ቀትር ላይ ሲግል ግፊቱ ከልክ ያልፋል፤ ኮምፕሬሰሩም እንዳይፈነዳ ራሱን ያጠፋል።

ጋዙ በሙሉ ወጥቶ፣ በልኩ ተመዝኖ እንደገና መግባት ነበረበት። ልኩ ኮፈኑ ሥር ተለጥፏል፤ ከሁለቱ ግን መስመሩን የሚያልፍ የለም። የማሽኑን ቱቦ ከብሎን ተቀብዬ ከጋሼ ጌጅ ጋር ያገናኘሁት እኔ ነኝ።

«አጥብቂው» አለ ጋሼ። «የዚያ ሰውዬ ዕቃ ያፈስሳል።»

«ቀስ በይ» አለ ብሎን። «የዚያኛው ጥርስ ተበልቷል። እንደ ባለቤቱ።»

እጄ በዘይት እስኪጠቁር ድረስ እንዲህ ተሰዳደቡብኝ። መጨረሻ ላይ ብሎን ሚዛኑን እያየ «በቃ» አለ፤ ጋሼም መርፌዎቹን እያየ በዚያው ቅጽበት «በቃ» አለ። ተያዩ፤ ሁለቱም ቃሉን መልሰው ሊውጡት የፈለጉ ይመስሉ ነበር።

ኤሲውን አበራሁት። ጠቅ አላለም። እማዬ ተነሥታ መጣች፣ ጣቶቿን አየር መውጫው ላይ ዘረጋች፣ ቆየች። ሁለቱም አፍ አፏን ያዩ ነበር።

«ቀዘቀዘ» አለች። የማንንም ስም አልጠራችም።

«እኔ አደርሳታለሁ» አለ ጋሼ።

«አንተ? እሷን ሜዳ ላይ አስቁመህ መርፌ ልታይ?» አለ ብሎን።

«ቁልፉን ለእህታችሁ ስጧት» አለች እማዬ።

«መንገዱ ረጅም ነው እኮ፣ እማዬ። መኪናው ቢበላሽስ?» አለ ጋሼ።

«መካኒክ መቼም አይጠፋም» አለችና ወደ ኋላ ወንበር ገባች። «አንድ ብቻ የሆነ።»

መኪናውን ቀስ ብዬ አወጣሁ። በቆመበት ቦታ፣ ልክ ነጩ መስመር ላይ፣ ኤሲው ያንጠባጠበው ውሃ ተኝቷል። በመስታወቱ አየኋቸው፤ እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው ቆመዋል። ብሎን መወልወያ ይዞ መጣና የራሱን ግማሽ ብቻ ጠረገ።