የሰኞ ቁጥሮች

ሱዓድ ከሚሴ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ነበረች፤ ክረምት ክረምት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ እየሄደች ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማር ነበር። በ2001 ዓ.ም. መስከረም ላይ ወደ ሥራዋ ስትመለስ አማካሪዋ በጥጥ የተጠቀለሉ አራት የመስታወት ቁራጮች ሰጧት። በእያንዳንዱ ላይ እንደ ክር የጠበበ የኒኬል መስመር ተቀብቷል። ቅቡ ከፀጉር ከሺህ ጊዜ በላይ ስለሚቀጥን ሲያዩት ግራጫ ጥላ ነው የሚመስለው።

ሥራው ከባድ አልነበረም። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የእያንዳንዱን መስመር ሬዚስታንስ፣ ኤሌክትሪክን የሚቃወምበትን መጠን፣ ለክቶ መመዝገብ ብቻ ነው። ይህን ያህል የሳሳ ብረት አየር እየነካው ሲሄድ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ቀስ በቀስ ይከብደዋል፤ በምን ፍጥነት እንደሚከብደው ማወቅ የመመረቂያ ጽሑፏ ነበር።

የምትኖረው ከእናቷ ወንድም ከእንድሪስ ቤት ነው። እንድሪስ የድምፅ ማጉያ ጠጋኝ ናቸው። ከጨፋ ሸለቆ መስጊዶች የተበላሸ ማጉያ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣል፤ ገዝተው ያደሱትን ደግሞ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ወስደው ይሸጣሉ። ከረጅሙ የሥራ ጠረጴዛቸው የፊተኛውን ግማሽ ለቀቁላት። የኋለኛው ግማሽ እንደ ወትሮው ለገበያ የተዘጋጀ ማጉያ እንደተቆለለበት ቀረ።

ሱዓድ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መስታወቶቿን ትዘረጋለች፤ የመለኪያውን ሽቦዎች በየመስመሩ ጫፍ ታያይዛለች፤ ከመለኪያው ላይ የምታነበውን ትጽፋለች። አንደኛው መስመር ሁለት መቶ አራት ኦም ነበር። ማግስቱንም ሁለት መቶ አራት፣ በሦስተኛውም ቀን ሁለት መቶ አራት ከትንሽ ነጥብ ጋር። ሰኞ ሲመጣ ሁለት መቶ ሰባት አለ። ማክሰኞ ወደ ሁለት መቶ አራት ተመለሰ።

የመጀመሪያውን ሰኞ የእጇ ስህተት አድርጋ አለፈችው። በሁለተኛው ሰኞ ሙቀት ነው ብላ ቴርሞሜትር አጠገቡ አስቀመጠች፤ ሙቀቱ ግን ከእሑዱ ጋር እኩል ነበር። በሦስተኛው የመለኪያውን ባትሪ ቀየረች። ከዚያ ጎረቤት ያለው ወፍጮ ሰኞ ሰኞ መብራቱን እየረበሸው ይሆናል ብላ ጠረጠረችና ባለወፍጮውን ዩሱፍን ሄዳ ጠየቀችው። ዩሱፍ ዱቄት የለበሰ ፊቱን እየጠረገ ግራ ተጋብቶ አያት። ወፍጮው ሰኞም እንደሌላው ቀን እንደሚፈጭ ነገራትና ማሽላ ይዛ እንደመጣች ጠየቃት። በባትሪ የሚሠራ መለኪያ ከወፍጮ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ያሰበችው ቤቷ ከደረሰች በኋላ ነው።

ብረት የሳምንቱን ቀን እንደማያውቅ ለተማሪዎቿ የምትምል ሰው ነበረች። አሁን ግን ሰኞ ጠዋት ስትነቃ መጀመሪያ ሄዳ የምታየው መስታወቶቹን ነው። ለአማካሪዋ ስትደውል ስህተቱ የእሷ አለካክ እንደሆነ ነገሯትና የተዛነፉትን እንድታወጣቸው መከሯት። እሷም በቀይ እስክሪብቶ የሰኞዎቹን ሁሉ ሰረዘች።

በኅዳር ሱዓድ የእንድሪስን ልጅ ነኢማን ጠረጴዛውን በጨርቅ ስትወለውል አገኘቻት። ቀኑ ሰኞ ነበር። ነኢማ እኩያዋ ናት፤ አብረው ነው ያደጉት።

«መስታወቶቹን የምትነኪው አንቺ ነሽ?» አለቻት ሱዓድ።

ነኢማ አልነካሁም አለች። ጠረጴዛው ጎደል የሚለው ሰኞ ስለሆነ በዚያ ቀን እንደምትወለውለው አስረዳች። ሱዓድ አላመነቻትም። የሁለት ወር ልፋቷን እያበላሸች እንደሆነ፣ መስታወት ከድስት ጋር አንድ እንዳልሆነ ነገረቻት። ነኢማ ጨርቁን አስቀምጣ ወጣች፤ ከዚያን ቀን ወዲያም ወደዚያ ክፍል አልገባችም። ሱዓድንም ከሰላምታ በላይ አታናግራትም ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ አጎቷ ለገበያ ከወጡ በኋላ ክፍሉን ቆልፋ ሄደች። ስትመለስ ቁልፉ እንደነበረ ነው፤ ቁጥሩ ግን ሁለት መቶ ሰባት ነበር። ሱዓድ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ መለኪያው ላይ አፍጥጣ ቀረች። ነኢማን መበደሏን ዐወቀች። ይቅርታ ለመጠየቅ ግን ምን ሆኖ እንደነበር መናገር ይኖርባታል፤ ምን ሆኖ እንደነበር ደግሞ አታውቅም። ስለዚህ ሳትጠይቃት ቀረች።

ጥር ላይ፣ አንድ ሐሙስ፣ እየለካች ሳለ እንድሪስ ገቡ። ከጨፋ ሮቢት የመጣ ደንበኛ ደጅ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። ከክምሩ ትልቁን ማጉያ ሲያነሱ ከፊቷ ያለው ቁጥር ከሁለት መቶ አራት ወደ ሁለት መቶ ስድስት ዘለለ።

«አጎቴ፣ አንዴ ይመልሱት» አለች።

«ማል ታኤ? ምን ሆነ?»

«አንቱ ብቻ ቦታው ላይ ይመልሱልኝ።»

መለሱት፤ ቁጥሩ ወረደ። አነሱት፤ ወጣ። ደንበኛው ደጅ ቆሞ እየጠበቀ ማጉያውን ሰባት ስምንት ጊዜ አስነሳቻቸው። በመጨረሻ እንድሪስ ማጉያውን እንደታቀፉ ቆመው፣ ያበላሸሁብሽ እኔ ነኝ እንዴ ብለው በቀስታ ጠየቋት።

በእያንዳንዱ ማጉያ ሆድ ውስጥ ከባድ ማግኔት አለ። ኒኬል ደግሞ ማግኔት የሚስበው ብረት ነው። የማግኔቱ ጉልበት የኤሌክትሪኩን መንገድ አግድም ሲያቋርጥ የሳሳው መስመር ሬዚስታንሱ ይቀንሳል። ሰኞ ማጉያዎቹ ባቲ ናቸው፤ ጠረጴዛው ላይ ማግኔት የለም። ስለዚህ የተዛባው ሰኞ አልነበረም። በትክክል የለካችው ሰኞን ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ የሰረዘችው እሱን ነበር።

መጀመሪያ የሄደችው ነኢማ ዘንድ ነው። ጓሮ ልብስ ስታሰጣ አገኘቻትና ነገሩን ከሥሩ ጀምራ ልታስረዳት ሞከረች። ነኢማ ስለ ማግኔቱ ብዙም አልገባትም።

«እና እኔ አልነበርኩም» አለች።

«አልነበርሽም። ሳላጣራ ነው ያስቀየምኩሽ፤ አውፍ በይኝ።»

ነኢማ አውፍ ብዬሻለሁ ከማለቷ በፊት የቀረውን ልብስ ሁሉ አሰጣች።

ሱዓድ መስታወቶቿን ወደ ሌላ ክፍል አዛወረችና ልኬቱን ቀጠለች። ክረምት ላይ መዝገቡን ከነቀይ ስርዙ ለአማካሪዋ አሳየቻቸው። ይህ የማግኔት ጠባይ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ እንደሆነው ነገሯት፤ የሰኞዎቹን አውጪያቸው በማለታቸውም አፈሩ። አዲስ ነገር ያገኘች መስሏት ስለነበር ፊቷ ጋለ፤ ወዲያው ደግሞ አለማበዷ በመረጋገጡ ቀለላት።

ከዚያ አራተኛውን መስታወት አወጣች። ከሁሉም የሳሳው እሱ ነው። ማግኔት ሲርቅ ሬዚስታንሱ እንደ ሌሎቹ ይጨምራል፤ በአዲሱ ክፍል ውስጥ ግን፣ ምንም ማግኔት በሌለበት፣ ሦስት ቀን ቀንሶ ነበር። አማካሪዋ መስታወቱን ወደ መስኮቱ ይዘው ረጅም ጊዜ አገላበጡት። እንደማያውቁ ነገሯትና ያንን መስታወት ከጽሑፉ ብታስቀረው እንደሚሻል አሳሰቧት።

ሱዓድ አላስቀረችውም። ሦስቱን ቀኖች ከነቁጥራቸው ጻፈችና ከቁጥሮቹ ግርጌ ምክንያቱን እንዳላወቀችው አሰፈረች። የመመረቂያ ጽሑፏ በተፈተነበት ዕለት ፈታኞቹ ከሁሉ ይልቅ የጠየቋት ስለዚያ ነው። አላውቅም አለች፤ ዲግሪዋንም አገኘች።