ሟች ሙሽራ

በመዝገብ ጽሕፈት ቤት የምትሠራው ፕሮግራመር የሞት ምስክር ወረቀቱን ብቻ የነካች መስሏት ነበር። አለቃዋ «ከስሙ በፊት ሟች የሚል ይጨመር» ስላላት ስም የሚጻፍበትን ቦታ ፈልጋ አንዲት መስመር ጨመረች፤ በቃ።

ረፋዱ ላይ የመስኮት ሠራተኛዋ እየሮጠች መጣች።

«እህቴ፣ ምን ጉድ አመጣሽብን? የአሥር ቀን ሕፃን ሟች ተብሎ ወጣ! እናቲቱን ማን ያረጋጋት?»

ፕሮግራመሯ የልደቱን ገጽ ከፈተች፤ እንደነበረ ነው። የጋብቻውንም ከፈተች፤ ማንም አልነካውም። ሆኖም ሁለቱም የተሰለፈውን ሁሉ ገድለው ቁጭ ብለዋል። ግራ ቢገባት ፕሮግራሙን ጽፎ ሥራውን ለለቀቀው ባለሙያ ደወለች። ነገር መድገም ስለማይወድ «ቆጥቤ» ይሉት ነበር።

«አንድ ነገር ሁለቴ አልጽፍም» አለ እየሳቀ። «ስም የሚጽፈው አንድ የጋራ ኮድ ነው፤ ሠላሳውም ገጽ እሱን ይጠራል። የነካሽው እሱን ነዋ!»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«መጀመሪያ መዝገቡን ይጠይቅ። የሞት ቀን ካገኘ ሟች ይበል፤ ካላገኘ ዝም።»

እንዳላት አደረገች። ሕፃኑ ነፍስ ዘራ፤ ሰልፈኛውም አንድ በአንድ ተነሣ። ሊጋቡ ከመጡት ጥንዶች ወንድየው ግን አሁንም ሟች ነው። ዓይኗን አሸት አሸት አድርጋ ደግማ አየች። ኮዱ ትክክል ነው። መዝገቡ ላይ ሰውየው ከሞተ ሦስት ዓመቱ፤ አስመዝጋቢው ታላቅ ወንድሙ።

«ወንድሜ?» አለ ሙሽራው ይህ ሲነገረው፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «ምስክር ሊሆነኝ መጥቶ ውጭ ቆሟል እኮ!»

ታላቅየው ተጠርቶ ገባ። ስክሪኑን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

«ስድስት ዓመት ደብዛህ ጠፋ። እናታችን በር በሩን ስታይ ልታልቅ ደረሰች። ቁርጧን አውቃ፣ አልቅሳ ይውጣላት ብዬ ነው ሞተ ብዬ ያስመዘገብኩህ። ስትመለስ ደግሞ ለመናገር አፈርኩ።»

ሙሽራው መቆጣትም መሳቅም አቃተው። ሙሽሪት አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየች።

«አሁን እኔ የማገባው ማንን ነው?»

የመስኮት ሠራተኛዋ ሞትን የሚሰርዝ ገጽ ብትፈልግ አጣች፤ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ፕሮግራመሯ ወንበር ሳበችላቸው።

«አለቃዬን ላነጋግር፤ ገጹን እኔ እሠራዋለሁ» አለች።

በሦስተኛው ቀን ታላቅ ወንድም ሁለት ቦታ ፈረመ፦ አንዱ ወንድሙ በሕይወት ስለመኖሩ፣ ሌላው ስለማግባቱ። ሙሽራው እስክሪብቶውን አቀበለው እንጂ ቀና ብሎ አላየውም።