የታጠፈው ጨርቅ

«ጋሽ ፈዲሉ፣ እጅዎን አያንቀሳቅሱ» አለ ሐኪሙ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

ፈዲሉ መች እጁ አሳሰበው! የግራ እጁ አንጓ ላይ የበቀለችው እብጠት ጨርቅ አላስይዝ ብላ ከጉደር አምቦ ሆስፒታል ብታመጣውም፣ ማደንዘዣው ከያዘለት ወዲህ የልብስ ሰፊ ዓይኑ የተተከለው ትሪው ላይ ነበር። በእርዳታ የመጣ የቀዶ ጥገና ዕቃ እሽግ ነው፤ አንዴ ከተከፈተ የተረፈው ሁሉ ይቃጠላል አሉ። ወይ ጉድ! ያልተነካ ጓንት፣ ያልተፈታ ፋሻ፣ በአራት ማዕዘን የታጠፈ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ።

እብጠቷ ወጣች። ሐኪሙ እጁን ዘረጋ። «ክር።»

«እሽጉ ክር የለውም፤ እንደ ሁልጊዜው ክር ያለበትን ሌላውን ዓይነት ልክፈት» አለች ሲስተር ወርቅቱ። «ግን የቀረን አንድ ብቻ ነው።»

«ምን ይደረግ፣ ክፈቺው። ውጭ ያለችውን ልጅ ከሁለት ወር በኋላ፣ አዲስ እሽግ ሲመጣ፣ ትምጣ በያት።»

ፈዲሉ ክው አለ። ውጭ ያለችው ዱሬቲ ናት፤ አንገቷ ላይ ያበጠውን ልታስወጣ ከጌዶ ብቻዋን የመጣች። ጠዋት አግዳሚው ላይ ቆሎዋን እያካፈለችው፣ ሰርጓ ሦስት ሳምንት እንደቀረው እየሳቀች ነግራዋለች።

«ቆይ ቆይ! አትክፈቺው!» ብሎ ጮኸ። «ያ ጨርቅ አንድ ጎኑ ወፍሯል። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሳጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መሃሉ ነገር አለ። እስቲ ፍቺው፣ በሞቴ።»

ወርቅቱ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ዘረጋችው። ከሦስተኛው እጥፋት ሁለት የታሸጉ የክር ከረጢቶች ዱብ አሉ።

ሆስፒታሉ በሽተኛ የሚሸፍነው በራሱ አንሶላ ስለሆነ ያን ጨርቅ የፈታው አልነበረም። ስድስት ወር ሙሉ ከነክሩ እሳት ሲገባ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት እሽግ ሲከፈት ኖሯል።

«ስንት ሰው መለስን?» አለች ወርቅቱ በቀስታ።

ሐኪሙ አቀርቅሮ መስፋት ጀመረ።

«ስፌቱ ትንሽ ሰፋ ሰፋ አለ፤ ጠጋ ጠጋ ያድርጉት ዶክተር» አለ ፈዲሉ። ያኔ ሦስቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

እጁን በፋሻ ተጠቅልሎ ሲወጣ የዱሬቲ ስም ተጠራ። ብድግ አለችና ወደ ፈዲሉ ዞረች።

«ኦቦ፣ ያማል እንዴ?»

የማደንዘዣው መርፌ እናቱን አስጠርቶታል። «ምን ያማል! ሂጂ ግቢ፣ የኔ ልጅ» አላት።

ከጠዋት ጀምሮ ከአንገቷ ያልወረደውን ሻርፕ ፈታ አስያዘችውና ገባች።

መናኸሪያው በኩል የጉደር መኪና ጡሩምባውን ነፋ። ፈዲሉ ሻርፑን ጭኑ ላይ አድርጎ በሩን እያየ ተቀመጠ።