ዳገት ላይ የሚያስነጥሰው መኪና

ሾፌሩ ከአንድ ሲሚንቶ ጫኝ መኪና ኋላ ኋላ እያለ የዳገቱን ግማሽ ከወጣ በኋላ፣ ፊት ለፊቱ ባዶ መሆኑን አይቶ ደርቦ ለማለፍ ወጣ። ነዳጅ ረገጠ። መኪናው መፈትለክ ሲገባው ትን እንዳለው ሰው ተንተፋተፈ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጭራሽ ጉልበት ከዳው። በዚያችው ቅጽበት ከላይ ከመታጠፊያው አውቶቡስ ብቅ አለ።

ወደ ፊት እንዳይሄድ መኪናው እምቢ ብሏል፤ ወደ መስመሩ እንዳይመለስ ሲሚንቶ ጫኙ ከጎኑ ነው። ደግነቱ የሲሚንቶው ሾፌር ነገሩ ገብቶት ፍሬን ያዘለት። የእኛ ሰው መሪውን ጠምዝዞ በአንድ ክንድ ልዩነት ገባ። ኋላ የጫናቸው ሠላሳ የወተት ቢዶኖች ተንጋጉ፤ አውቶቡሱ ጥሩምባውን እያስጮኸ አለፈ። ከአምስት ሰከንድ በኋላ መኪናው ምንም እንዳላጠፋ ሁሉ ሽቅብ ይጋልብ ጀመር።

ሰውየውን ያበሸቀው ይኸው ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እንዲሁ ሲያደርገው ከርሟል።

መኪናው በቤንዚን የሚሠራ፣ ቱርቦ ያለው ቀላል የጭነት መኪና ነው። ከገበሬዎቹ ወተት ሰብስቦ፣ ከወንዙ ዳር ካለው ሜዳ ተነስቶ፣ ዳገቱን ወጥቶ ከተማ ውስጥ ወዳለው የወተት ማቀነባበሪያ ማድረስ ሥራው ነው። ሾፌሩ ታላቅ ወንድሙ ጋራዥ ስላለው ሌላ መካኒክ ፍለጋ አልሄደም። ወንድምየው እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ቀየረ፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልኩትን ኮይሎች ቀየረ፣ የነዳጅ ፓምፑን ሳይቀር ቀየረ። በቀየረ ቁጥር መኪናውን ይዞ ከጋራዡ ጀርባ ባለው ቀጥ ያለ አስፋልት ያስፈነጥረዋል። መኪናው እንደ ጥይት ነው።

"መኪናህ ከእኔም የተሻለ ጤነኛ ነው" አለው በመጨረሻ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "የታመምከው አንተ ነህ። አንድ ቀን ደነገጥክና ድንጋጤው አልለቀቀህም።"

ሾፌር ጓደኞቹም አልማሩትም፤ "ዔሊው" ብለው ስም አወጡለት። የማቀነባበሪያው ኃላፊ ደግሞ ቀልድ የማያውቁ ሴት ናቸው። ሁለት ጊዜ ዘግይቶ ወተቱ ሞቆ ስለደረሰ፣ "እስከሚመጣው ሳምንት ሰኞ ካልተስተካከለ መስመሩን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ" ብለው ቁርጡን ነገሩት።

ሚስቱ ፍሪጅ ጠጋኝ ናት። የቤታቸው የፊት ክፍል በራቸው የተነቀለ፣ ጀርባቸው የተገለጠ ፍሪጆች የሞሉበት ሥራ ቤቷ ነው። ባሏ ከሥራ ሲመለስ መኪናውን ደጅ አቁሞ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ ሳይወርድ ለረጅም ጊዜ እንደሚቀመጥ ካስተዋለች ቆይታለች። አውቶቡሱ ለጥቂት በሳተው ቀን ካቻቢቴዋን እንደያዘች ወጥታ ሌላኛውን በር ከፈተችና ከጎኑ ገብታ ተቀመጠች።

"እስከ መቼ ነው እዚህ ስትቆዝም የምትውለው?"

"ሞተሩ እስኪበርድ ነው።"

"ሞተሩ ነው አንተ?"

መሪውን እያየ፣ "ፈራሁ" አላት። "አሥራ ሰባት ዓመት የነዳሁ ሰውዬ ዛሬ እንደ ጀማሪ መሪው ላይ ተጣብቄ ነው የምወጣው። አውቶቡስ ሊበላኝ ነበር። ለማን ልንገር? ጋሼ እንደሆነ ምንም የለበትም ነው የሚለው።"

እሷ "አይዞህ" አላለችም። "መቼ መቼ ነው የሚያደርገው?" አለች።

"ጠዋት።"

"ሁሌ?"

"ሁሌ እንኳ አይደለም። ጭጋግ ሲሆን። ዝናብ ሲያድር።"

"ከሰዓትስ?"

"አንድም ቀን አድርጎ አያውቅም።"

"ጋሼ ታዲያ መቼ ነው የሚሞክሩት?"

"ከምሳ በኋላ፣ ፀሐዩ..." አለና አፉን ከፍቶ ቀረ።

"እኔ ጋ የሚመጣ ፍሪጅም አመሉ ይኸው ነው" አለች። "ቤት ወለሉን ሲያጨቀይ ይከርምና እኔ ጋ ሲደርስ ጨዋ ሆኖ ያርፋል። ነገ አብሬህ እሄዳለሁ።"

በማግስቱ ማለዳ ጭጋጉ ከወንዙ ተነስቶ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ወተቱን ጭነው ሜዳውን ለአርባ ደቂቃ ያህል በአንድ ፍጥነት፣ ነዳጁን ነካ ብቻ እያደረጉ ተጓዙ። መኪናው ጭጭ ብሏል። ከዳገቱ ሥር ሲደርሱ ሾፌሩ፣ "ያዢ" አለና ረገጠ።

መኪናው ሁለቴ አስነጠሰና እንደ ወባ በሽተኛ ተንዘፈዘፈ። ሴትየዋ "ወይኔ!" ብላ የበሩን እጀታ ጨበጠች። ትንሽ ቆይታ ግን፣ "አቁም፤ ዳር ያዝና አቁም" አለች።

የሞተሩን ኮፈን ከፈተላት። እሷ ሞተሩን ትታ ከፊት፣ ከራዲያተሩ ቀድሞ የተገጠመውን ባለ ስስ ክንፍ ነገር አጎንብሳ ታይ ጀመር።

"ይኼ የፍሪጅ ኮንደንሰር እዚህ ምን ይሠራል?"

"ኮንደንሰር አይደለም፣ ኢንተርኩለር ነው። ቱርቦው አየሩን ጨምቆ ሲያስገባ አየሩ ይግላል፤ እዚህ ገብቶ ይቀዘቅዝና ወደ ሞተሩ ይሄዳል።"

በመዳፏ ዳሰሰችው። አየር የሚገባበት ጫፍ ይፋጃል፤ የታችኛው ጥግ ከፍሪጅ እንደወጣ ጠርሙስ ቀዝቅዟል።

"እርጥብ አየር አስገብተህ፣ አግለህ፣ ከዚያ ታቀዘቅዘዋለህ" አለች ለራሷ እንደምትነግር ሁሉ። "ውሃው ታዲያ የት ይሄዳል?"

"የምን ውሃ?"

"እርጥቡ አየር ሲቀዘቅዝ የሚተፋው ጤዛ ነዋ! ፍሪጅ ሥራው ይኸው አይደል? ፍሪጅ ግን ከኋላው ውሃ መውረጃ ቀዳዳ አለው። የዚህ የታለ?"

ሾፌሩ ከመኪናው ሥር ገብቶ ፈለገ። ቀዳዳ የሚባል የለም። የታችኛውን የጎማ ቱቦ ማሰሪያ በካቻቢቴዋ አላልቶ ሳብ ሲያደርገው ቡናማ ዘይት የቀላቀለ ውሃ ግልብጥ ብሎ እጅጌው ውስጥ ገባ። እሷ የወተት ናሙና የሚያዝበትን ጠርሙስ ከመኪናው አምጥታ የቀረውን ተቀበለች። የፈሰሰውን ሳይቆጥር አንድ የሻይ ብርጭቆ ይሞላል።

"ሜዳው ላይ ቀስ እያልክ ስትሄድ ታች ይጠራቀማል" አለች። "ዳገት ላይ ስትረግጠው ቱርቦው በኃይል ይነፋና ውሃውን ሁሉ ለሞተሩ በአንድ ጉንጭ ያስውጠዋል። ትን ይለዋል! ካንዴላው ውሃ ጠጥቶ እንዴት እሳት ይስጥህ?"

ሰውየው እጅጌው እየተንጠባጠበ ቆሞ አያት። መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ጉልበቱን ይዞ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "አላበድኩማ!" ይላል ደጋግሞ። "አላበድኩም እኮ!"

ቱቦውን መልሰው አስረው ዳገቱን ሲወጡት መኪናው አንዴም አላስነጠሰም።

ወንድምየው ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ጋራዥ ያመጡለትን ጠርሙስ ወደ ብርሃን አንስቶ፣ "የራዲያተር ውሃ ነው" አለ።

"የራዲያተሩ አረንጓዴ ነው፣ ጋሼ። ይኼ አረንጓዴ ነው?"

"እንግዲያው ዝናብ ነው።"

"በታሰረ ቱቦ? ጤዛ ነው፤ ከታች ውሃ መውረጃ ቀዳዳ ይብሱለት።"

"ስሚ፣ ወይዘሮ ፍሪጅ" አለ። "እኔ በሕይወት እያለሁ ኢንተርኩለር አይበሳም። በዚያ ቀዳዳ ግፊቱ ሁሉ ይወጣል። መኪና ወንፊት አይደለም!"

"አይብሱት" አለች ረጋ ብላ። "ይፈትኑት። ወንድምዎ ሦስት ጠዋት ዳገቱ ሥር ቆሞ ውሃውን ያፈሳል። በአራተኛው ቀን አያፈስም፤ ያን ቀን እኔ የተቀመጥኩበት እርስዎ ይቀመጣሉ።"

ከእሷ ለመገላገል ብሎ "እሺ" አለ።

ሦስቱም ጠዋቶች ጭጋጋማ ነበሩ። ሾፌሩ በየቀኑ ዳገቱ ሥር ቆሞ ቱቦውን እየፈታ አፈሰሰ፤ በየቀኑም ከግማሽ ብርጭቆ ያላነሰ ውሃ ወጣ፤ መኪናውም በየቀኑ ሳያጉረመርም ወጣ። በአራተኛው ቀንም ጭጋግ ነበር፤ ወንድምየው ክንዱን አጣጥፎ፣ መንገድ እንደሚመርቅ ሹም ቀጥ ብሎ ጎኑ ተቀመጠ። ዳገቱ ሥር ሳይቆሙ አለፉ። ሾፌሩ ረገጠ።

የተጣጠፈው ክንድ ወዲያው ተፈታ። ወንድምየው በሁለት እጁ ዳሽቦርዱን አቅፎ፣ "ኧረ በፈጠረህ!" አለ። መኪናው እየተንፈራገጠ፣ ከኋላ ያሉት ጥሩምባ እየነፉባቸው፣ እንደምንም ዳር ያዙ።



"ስንቴ ነው ካንዴላ የቀየርኩብህ?" አለ ወንድምየው።

"ሁለቴ።"

"አንተን በሽተኛ ነህ ያልኩህስ?"

"እሱን አልቆጠርኩትም።"

ታላቅየው ከልጅነታቸው ጀምሮ ለታናሹ ብሎት የማያውቀውን ነገር፣ "ይቅር በለኝ" አለው።

ያን ዕለት ከሰዓት ኢንተርኩለሩ ከመኪናው ወርዶ የጋራዡ ጠረጴዛ ላይ ተጋደመ። ወንድምየው ውስጡን ከዘይቱ አጥቦ በኮምፕረሰር አየር አደረቀው። እሷ ሲገጠም ዝቅ የሚለውን ጥግ በጠመኔ ምልክት አደረገችበት። በቀዳዳው ስፋት ላይ ግን ጦርነት ተነሳ። እሱ የክብሪት እንጨት ያህል ይሁን አለ፤ እሷ ወፍራም መርፌ ካሾለከ ይበቃል አለች።

"አሁን ደግሞ ማስፋት አማርዎት?" አለችው። "ውሃ ቀን ሙሉ ጠብ እያለ ይውጣ እንጂ ምን አስቸኮለው? በመርፌ ቀዳዳ የሚያመልጠውን አየር ቱርቦው መኖሩንም አያውቅም።"

ወንድምየው ትንሽ አሰበና ድሪሉን በሁለት እጁ ይዞ አቀበላት። "እንግዲያው ራስሽ ብሺው" አለ።

ትንፋሿን ይዛ ወጋችው። ቀዳዳው ከሌላው ጎን ብርሃን የሚያሳይ ነጥብ ሆነ። እሱ ደግሞ እሳቱ በእርጥበት እንዳይጠፋ የካንዴላዎቹን ክፍተት ጠበብ አድርጎ፣ የኮይሎቹን መሰኪያዎች አድርቆ ገጠመ። ሞተሩን አስነስተው ነዳጅ ሲረግጡ ከታች ቀጭን ፉጨት ይሰማል፤ የቱርቦው ግፊት መለኪያ ግን ከወትሮው ዝቅ አላለም። ወንድምየው መለኪያውን ሦስት ጊዜ ተመለከተ።

ሰኞ ደረሰ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሜዳው በጭጋግ ታፍኗል፤ መጥረጊያው ቢመላለስም ከመኪናው አፍንጫ አልፎ አይታይም። ሦስቱም ጋቢናው ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣበዋል፤ ኋላ ሠላሳው ቢዶን ጢም ብሏል። አርባ ደቂቃ ሙሉ ሜዳውን በአንድ ፍጥነት ተጓዙ። ዳገቱ ላይ ጭጋጉ ሳሳ ሲል ሁለት ሲሚንቶ ጫኞች ተከታትለው ሲንፏቀቁ አዩ።

"ቆይ፣ ይቅደሙህ" ሊል ነበር ወንድምየው፤ ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። መንገዱ እስከ ላይኛው መታጠፊያ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሾፌሩ መስታወቱን አየ፣ ማርሽ ቀነሰ፣ ወጣ። እግሩ ፔዳሉ ላይ ለአንዲት አፍታ አመነታ። ከዚያ ወለሉ ድረስ ረገጠው።

መኪናው አገሳ። ቱርቦው ሲያፏጭ ተሰማ፤ ሦስቱም ጀርባቸው ከወንበሩ ተለጠፈ። የመጀመሪያውን ሲሚንቶ ጫኝ አለፉት። ሾፌሩ እግሩን አላነሳም። ሁለተኛውንም አለፉት፤ መታጠፊያው ገና ሩቅ ሳለ መስመራቸው ገቡ። ጭጋጉ ከበታቻቸው ቀረና ፀሐይ ድንገት ፊታቸውን መታቸው።

"እልልል በይ እንጂ!" ብሎ ወንድምየው ጮኸ፣ የጋቢናውን ጣሪያ በጡጫ እየደበደበ። እሷ ግን የባሏን እጅጌ ጨምድዳ መያዟን ያወቀችው ገና ያኔ ነበር። ለቀቀችውና እሷም ጮኸች። ሾፌሩ አልጮኸም። አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ፣ ክርኑን መስኮቱ ላይ አሳርፎ፣ እንደ ድሮው ዘና ብሎ ነዳ።

ማቀነባበሪያው ሲደርሱ በሩ ገና አልተከፈተም። ዘበኛው ሰዓቱን ሁለቴ አይቶ፣ "ምነው፣ እንቅልፍ እምቢ አላችሁ?" አለ። ኃላፊዋ መጥተው ቴርሞሜትራቸውን በሦስት ቢዶን ውስጥ ነክረው አወጡ።

"ቀዝቃዛ ነው" አሉ። "ሰዓትህም ጥሩ ነው። መስመሩ የአንተ ነው።" ይህን ብለው ሄዱ፤ ከእሳቸው ይህ ምርቃት ነው።

ሠራተኞቹ ቢዶኖቹን ሲያወርዱ ሾፌሩ መሪው ላይ ደገፍ ብሎ እንቅልፍ ይዞት ሄደ፤ ከሁለት ወር ወዲህ እንዲህ ጥልቅ ብሎ ተኝቶ አያውቅም። ወንድምየው ሊቀሰቅሰው እጁን ዘረጋና ተወው። ከዚያ ወደ ወንድሙ ሚስት ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እስቲ ያን ጤዛ የምትይውን ነገር ንገሪኝ" አላት። "ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ። ቀስ ብለሽ።"