በቀይ የተጻፈው አሥራ አንድ

በሆስፒታሉ ማብሰያ ቤት ሁለት እህትማማቾች ይሠሩ ነበር። ታላቂቱ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርታለች፣ ታናሺቱ ገና ሦስት። ታናሺቱን ያስቀጠረቻት፣ የመጀመሪያውን ሽርጥ ያሰረችላት፣ ሽንኩርት ሲከተፍ ጣት እንዴት እንደሚታጠፍ ያሳየቻት ታላቂቱ ናት። በሦስተኛው ዓመት ግን ሰው ሁሉ "ዶክተር የት አለች?" ይል ጀመር። ታናሺቱን ዶክተር ያሏት ቴርሞሜትር ከደረት ኪሷ ስለማይጠፋ ነው። ታላቂቱን "የዶክተር እህት" አሏት። ይህች ስም እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረች።

ዋናዋ አብሳይ ጡረታ ልትወጣ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን እህትማማቾች ጠርቶ ቁርጡን ነገራቸው።

"የጤና ተቆጣጣሪው መጥቶ ይየን። ቦታዋንና የመጋዘኑን ቁልፍ ለአንዳችሁ የምሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።"

ታላቂቱ ያንን ቁልፍ በሌላ ሰው ወገብ ላይ ስታይ ነው ያረጀችው።

እሷ የሥጋውን ፍሪጅ ትይዛለች፣ ታናሺቱ የወተቱን። በየበሩ ላይ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ቅዝቃዜው የሚጻፍበት ወረቀት ተለጥፏል። ታላቂቱ ጠዋት ሽርጧን ሳታስር ሦስቱንም ትሞላለች፤ አራት፣ አራት፣ አራት። ለምን ትለካለች? እጇን ሰደድ ስታደርግ ታውቀዋለች።

ተቆጣጣሪው በሚመጣበት ቀን ጠዋት የወተቱ ፍሪጅ አሥራ አንድ ዲግሪ አሳየ። ታናሺቱ ወተቱን በሙሉ ደፋችና በቀይ እስክሪብቶ ጻፈች፦ "11። የበሩ ጎማ ላልቷል። ወተቱ ተደፍቷል።"

"እትዬ፣ ነይ እስቲ እዪልኝ። ደህና ጻፍኩ?"

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። "ተይ፣ ዛሬን አራት ብለሽ እለፊ" ብትላት ትሰማታለች፤ ሰምታት ነው ያደገችው።

"ደህና ነው፣ እጅሽ ይባረክ" አለቻት ታላቂቱ። በሆዷ ግን፣ ዛሬ ጉድሽ ፈላ።

ረፋዱ ላይ ተቆጣጣሪው መጣ። ጫማው ላይ ላስቲክ ያጠለቀ፣ ሰላምታው አጭር የሆነ ወጣት ነው። ቀዩን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ማነው የጻፈው?"

"እኔ ነኝ" አለች ታናሺቱ።

"ስዞር ስንት ዓመቴ ነው፣ ወተት ደፍቼአለሁ ብሎ የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም። ጎበዝ።"

ከዚያ ወደ ሥጋው ፍሪጅ ዞረ። ወረቀቱን አየ፣ የእጅ ሰዓቱን አየ።

"የማታውም ተሞልቷል? እኛ እኮ ገና ምሳ አልበላንም።"

ዕቃ አጣቢዋ ሳቋን በሳል ሸፈነችው። ታናሺቱ ፈጠን ብላ "እኔ ነኝ የሞላሁት፣ እሷ ሥራ በዝቶባት" አለች።

"የአንቺን የእጅ ጽሑፍ አሁን አየሁት እኮ" አላት ተቆጣጣሪው።

ታናሺቱ ብትስቅባት ለታላቂቱ ይሻላት ነበር። ቁልፉን ልትወስድባት መሆኑ አነሰና፣ ደግሞ ደግነቱንም ወሰደችባት።

ቁልፉ ለታናሺቱ ተሰጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ በመካከላቸው ከ"ጨው አቀብዪኝ" እና "ድስቱን አንሺ" ያለፈ ወሬ አልነበረም። ታናሺቱ ግን አንድም ቀን "እትዬ" ማለቷን አልተወችም። በሦስተኛው ዓመት ታመመች፣ በዘጠነኛው ቀን ሞተች።

በቀብሩ ላይ ዕቃ አጣቢዋ ከሁሉም በላይ አለቀሰች። "የልቧን የምታጫውተው እኔን ነበር" አለች። ታላቂቱ ሰማች። የእህቷ ልብ እሷ ዘንድ ሳይሆን ዕቃ ማጠቢያው ጋ ከርሟል ማለት ነው። ሬሳ ፊት ቆማ ቀናች፤ ያውም በማን ላይ።

ቁልፉ መጨረሻ ላይ ታላቂቱ ወገብ ላይ ዋለ። ቴርሞሜትሩን ግን ማንም አልሰጣትም፤ ራሷ ከታናሺቱ ሽርጥ ኪስ አወጣችው።

በዓመቱ ያው ተቆጣጣሪ መጣ። የወተቱ ፍሪጅ በር ላይ በቀይ የተጻፈ ዘጠኝ አየ፣ ከሥሩም "እርጎው ተጥሏል" የሚል።

"እንዲህ መጻፍ ማን አስተማረዎት?"

"ራሴ" የሚለው ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር።

"ታናሽ እህቴ" አለች።

አንገቱን ነቅንቆ መዝገቡ ላይ አሰፈረ። እሷ እስክሪብቶው እስኪቆም ጠበቀችና፣

"ቢላ አያያዝ ያስተማርኳት ግን እኔ ነኝ" አለችው። "እሱንም ይጻፉልኝ።"