ከሹራቡ ስር

እህቴ በዚያ ሙቀት ሹራብ ደርባ ስትመጣ ነው መጠርጠር የጀመርኩት። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ለቀሚሷ ልለካት ሜትሬን ሳነሳ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

"በድሮው ልክ ስፊው፣ እትዬ።"

ከእኔ ሸሽታ የማታውቅ ልጅ! ጥርጣሬዬ ሁሉ ባሏ ላይ አረፈ። ታክሲ ነጂ ነው፣ ምላሱ ማር፤ ምላሱ ማር የሆነ ወንድ ደግሞ ለእኔ አይዋጥልኝም። እጁን አንስቶባት ይሆናል ብዬ ደሜ ፈላ። ግድ ብዬ ሹራቧን ገለጥኩት። ቀኝ ጡቷ ቀልቶ አብጧል፣ ስነካው እንደ ድንች ይጎረብጣል። ዝቅ ብሎ ጎድኗ ላይ ሌላ እብጠት አለ።

"እሱ ነው?"

"ኧረ በፈጣሪ! እሱ ምን አደረገ?"

እየጎተትኩ ሆስፒታል ወሰድኳት፤ ባሏም ተከተለን። ሐኪሟ ዳስሳ ስትጨርስ ፊቷ ከበደ። "ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ናሙና እንወስዳለን። ከሆነ ጡቱ ሊወጣ ይችላል። ጡትሽን ለማተለቅ በመርፌ ያስሞላሽው ነገር አለ?"

"የለም!" አለች እህቴ፣ ጥያቄው ሳያልቅ። ዓይኗ ግን ባሏን ሰረቅ አድርጎ አየ።

ኮሪደር ላይ ጥግ አስያዝኳት። "አውጪው!"

"ከሰርጋችን በፊት ነው፣ ፀጉር ሠሪዬ ጓዳ ውስጥ። ጄል ነው፣ ምንም አያደርግሽም አለችኝ። እሱ የተፈጥሮ ውበትሽ እያለ ነው ያገባኝ፤ ጉድ እንዳታደርጊኝ።"

"ጡትሽ ሊቆረጥ ነው እኮ!"

"ይቆረጥ።"

ሐኪሟን ለብቻዋ ላነጋግር ወደ በሩ ስሄድ የእህቴ ባል በሩ አጠገብ ከተቀመጠበት ተነሳ።

"ስለ መርፌው ነው?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አንተ በምን አወቅህ?"

"ፀጉር ሠሪዋ ታክሲዬ ውስጥ ስታወራ ሰማኋት፣ ገና ሳንጋባ። እንዳታፍር ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

"ሐኪሟ ስትጠይቅስ?"

በጥፊ ልለው እጄን በላኝ።

እህቴ ከኋላችን ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። አልፋን ገባችና "ዶክተር፣ የጄል መርፌ ነበር" አለች።

ሐኪሟ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። "ጄሉ ካለበት ቦታ ተንሸራቶ ወርዷል፣ ሳያመረቅዝም አልቀረም። ካንሰር አለመሆኑን ግን መመርመራችን አይቀርም። ምን ያህሉን ማውጣት እንደምንችል የአልትራሳውንድ ምስሉን ሳላይ ቃል አልገባም።"

እህቴ የምትሰማት አትመስልም። ወደ ባሏ ዞራ ነበር።

"ዝም ብለህ ልታስቆርጠኝ ነበር?"