መርዶ በእጅ ጽሑፍ

ዋለልኝ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያረፈው ማክሰኞ ነው። ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ዘመዶች በዕለቱ ሰሙ። ያልሰማችው እህቱ ሸዋረገድ ብቻ ነበረች። አገር ቤት ቢሆን በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ሄደው ያረዷት ነበር። እዚህ ግን ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ስለሆነ መርዶም ቅዳሜን ይጠብቃል።

እስከ ቅዳሜ ወሬው እንዳይደርሳት የመጠበቁ ነገር በብሩክታይት ላይ ወደቀ። ብሩክታይት የሟች የሌላ እህቱ ልጅ ናት። ያሳደገቻት አክስቷ ሸዋረገድ ስትሆን፣ የሚኖሩትም አንድ አፓርታማ ውስጥ ነው።

«ብቻዋን እንዳትሰማ» አሏት የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ጋሽ ዘገዬ በስልክ። «ደም ግፊት አለባት። የሚይዛት ሰው በሌለበት ብትሰማ ምን እንደምትሆን አይታወቅም።»

«እሺ ጋሽዬ።»

አገር ቤት ያሉት እንዳይደውሉ አስነገረች። «መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ላሠራልሽ» ብላ የአክስቷን ስልክ ወሰደች። በዚያው ዕለት ሸዋረገድ ወደምትሠራበት ሮክቪል ወዳለው የአረጋውያን መኖሪያ ደውላ ኃላፊዋን አነጋገረች። ወንድሟ እንደሞተ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ፈቃድ እንደሚያስፈልጋት፣ እሷ ግን ገና እንዳላወቀች በእንግሊዝኛ አስረዳቻት። ኃላፊዋ ነገሩ ግራ ቢገባትም እንደማትነግራት ቃል ገባች። ቃሏንም ጠበቀች፤ ከአንደበቷ ምንም አልወጣም።

ብሩክታይት ራሷ የምትሠራው እዚያው ቅርብ ባለው አሌክሳንድሪያ ነው። ድርጅቱ በሰው እጅ የተጻፉ የሚመስሉ ካርዶች ያዘጋጃል። የሚጽፉት ግን ማሽኖች ናቸው። በረድፍ የተደረደሩ የብረት ክንዶች እውነተኛ እስክሪብቶ ጨብጠው የምስጋናውን፣ የልደቱን፣ የሐዘኑን ካርድ ሲጽፉ ይውላሉ። ፊደሉን የሚወስዱት ከሰው ነው። ባለፈው ዓመት አለቃዋ የብሩክታይትን ጽሑፍ አይቶ ወደደው፤ እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ፊደል ደጋግማ እንድትጽፍ አደረገ። አሁን ማሽኖቹ በእሷ የእጅ ጽሑፍ ይጽፋሉ። የሚጽፉትን ማንበብ ካቆመች ግን ቆይታለች። ቀለም ትሞላለች፣ የተበላሸውን ትለያለች፣ ፖስታ ውስጥ ትከታለች።

ረቡዕ ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪናው የሚያመጣት የሥራ ባልደረባዋ ሀዲስ እንደ ልማዱ አሾፈባት።

«እጅሽ ሳትመጪ ሥራ ጀምሯል። አንቺ ገና ታዛጊያለሽ!»

«እጄን አስቁመህ ዴይ ኦፍ ስጠው፣ ይረፍ።»

«እሱ ዴይ ኦፍ አያውቅም። አንቺ ብትሞቺ እንኳ ይጽፋል።»

«አፍህን ዝጋ!» አለችው። ሞት የሚለውን ቃል በዚያ ሳምንት ከማንም መስማት አልፈለገችም።

ሐሙስ ማታ ራት ላይ ሸዋረገድ ጉርሻዋን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

«ብሩኬ፣ የምትነግሪኝ ነገር የለም?»

ብሩክታይት ደነገጠች። «ምን ነገር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። እንዲሁ።»

«ምንም የለም እቴቴ። ስልክሽ ነገ ይደርሳል።»

«ተይው፣ ይቆይ» አለች ሸዋረገድ፤ ተነሥታም ሳህኑን አነሣች።

ዓርብ ሁለቱም ሥራ ሄደው ገቡ። ብሩክታይት አልጋዋ ላይ ስትወጣ ቀኑ በሰላም ስላለፈ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

ቅዳሜ ሳይነጋ ጋሽ ዘገዬና ዘመዶቹ ኮሪደሩ ላይ ተሰበሰቡ። ብሩክታይት በባዶ እግሯ ቀስ ብላ ወጥታ ተቀበለቻቸው። ሁለት ሴቶች ከሸዋረገድ ግራና ቀኝ እንዲቀመጡ ተነጋገሩ። ከዚያ በሩን ከፈተች።

ስትወጣ ጨለማ የነበረው ሳሎን ውስጥ አሁን መብራት በርቷል። ሶፋው ወደ ግድግዳው ተጠግቷል። የምግብ ጠረጴዛው ወንበሮች እንደ ለቅሶ ቤት ዙሪያውን ተደርድረዋል። ሸዋረገድ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ መሃል ተቀምጣለች።

«ግቡ» አለች። «ቆያችሁ።»

ጋሽ ዘገዬ በእጃቸው የያዙትን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ደረታቸው አስጠግተው ወደ ብሩክታይት ዞሩ።

«ነገርሻት?»

«እኔ? በእግዚአብሔር ስም ጋሽዬ፣ አንዲት ቃል...»

«አትማዪ» አለች ሸዋረገድ። «ጽፈሽ ስታበቂ።»

ከጎኗ አንድ ካርድ አንሥታ ዘረጋችላት። በሰማያዊ ቀለም፣ በእንግሊዝኛ፣ ስለ ወንድምሽ ሞት እጅግ አዝነናል፣ ሁላችንም ከጎንሽ ነን ይላል። ብሩክታይት መጀመሪያ ያየችው ቃላቱን አይደለም። ወደ ግራ የሚታጠፈውን የገዛ ፊደሏን ጅራት፣ የገዛ ነጥቧን፣ የቃል መጨረሻ ላይ የምትስበውን የገዛ መስመሯን አየች። ካርዱን ገለበጠችው። በስተ ጀርባው በደቃቅ ኅትመት የሮክቪሉ መኖሪያ ስም አለ።

ያን ጊዜ ገባት። ኃላፊዋ የፈቃዱን ምክንያት ኮምፒውተር ላይ ሞላች። ኮምፒውተሩ ከማንም ሳይታዘዝ የሐዘን ካርድ አዘዘ። አሌክሳንድሪያ ያለው ማሽን ጻፈው፤ ምናልባትም ፖስታው ውስጥ የከተተችው ራሷ ናት።

«እቴቴ፣ ይሄን የጻፈው ማሽን ነው።»

«የማን ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ ነው። ግን እኔ አልጻፍኩትም።»

«የዜግነት ፈተናውን ያጠናሁት አንቺ በጻፍሽልኝ ካርድ ነው» አለች ሸዋረገድ። ድምፅዋ አልተለወጠም። «የሰው እንግሊዝኛ ይቸግረኛል፣ ያንቺን ግን እንደ ውሃ ነው የምጠጣው። ሐሙስ ፖስታ ሳጥኑ ጋ ቆሜ አነበብኩት። በአፏ መናገር ፈርታ ነው አልኩ። ማታ ራሷ ትነግረኛለች ብዬ ገባሁ። ጠየቅኩሽ እኮ። ስለ ስልክ አወራሽኝ።»

«ሁለት ሌሊት!» አለች ከሴቶቹ አንዷ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና። «አላለቀስሽም?»

«ማን ይዞኝ?»

ብሩክታይት ግድግዳውን ተደገፈች። አንድ ግድግዳ ነበር የለያቸው። በወዲያ በኩል እሷ ፈጣሪዋን ስታመሰግን፣ በወዲህ በኩል አክስቷ ዓይኗን አፍጥጣ ተኝታ ነበር።

ጋሽ ዘገዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ፣ እህታችን ሸዋረገድ፣ ጌታ የሰጠውን...»

«እርስዎ ይቆዩኝ ጋሽ ዘገዬ። እሷ ትንገረኝ።»

«እቴቴ፣ አውቀሽው የለ?»

«ማን ነገረኝና? ማሽን ነው አላልሽም?»

ብሩክታይት ሄዳ ከፊቷ ተንበረከከች። ሳምንቱን ሙሉ መሞቱን በአፏ የተናገረችው በእንግሊዝኛ ነው፣ ለማታውቃት ሴት፣ በስልክ። በአማርኛ ለማንም አላለችውም፤ ለራሷም እንኳ። የአክስቷን ሁለት እጆች ያዘች። በረዶ ነበሩ።

«ጋሼ ዋለልኝ» አለች፤ ቀጥሎ ያለው ቃል አልወጣ አላት። ሸዋረገድ ከንፈሯን እያየች ጠበቀች።

«ጋሼ ዋለልኝ ሞተ፣ እቴቴ።»

ሸዋረገድ አሁን እንደሰማች ሁሉ ጮኸች። ሴቶቹ ሮጠው ከግራና ከቀኝ ያዟት።